«5,000 በፔይሮል፣ 7,000 በእጅ» ለተባልሽው እህት

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽን ልድገመው፤ ዘግይቶ የሚያነብም አለ። በነርሲንግ ዲግሪ ተመርቀሽ ላይሰንስሽ ወጥቷል። አንድ የግል ክሊኒክ በወር 12,000 ብር ሊቀጥርሽ ነው፤ 5,000ው በፔይሮል (ግብርና ጡረታ በሚቆረጥበት የደመወዝ መዝገብ)፣ 7,000ው ከመዝገቡ ውጭ በእጅ። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ወደ መንግሥት ብትዞሪ ልምዱ ይያዝልሽ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። እዚህ ግሩፕ ውስጥ ቀድመው የመለሱልሽ ልጆች «ግቢ፣ ብር ብር ነው» ብለውሻል። እሺ፣ ብሩን እንቁጠረው።

1. የሚደርስሽ ገንዘብ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ በ15 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣና ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 12,000 ሙሉውን በፔይሮል ቢያልፍ ግብሩ 2,250፣ የአንቺ የጡረታ ድርሻ 7 በመቶ 840 ነው፤ የሚደርስሽ 8,910 ብር። እነሱ ባሉሽ መንገድ ደግሞ ከ5,000ው ላይ 500 ግብርና 350 ጡረታ ተቆርጦ 4,150 ይቀራል፤ 7,000ውን ስትጨምሪበት 11,150። በወር 2,240 ብር ይበልጣል። የቤት ኪራይ ለሚከፍል አዲስ ተመራቂ ቀላል አይደለም፤ ሰው የሚፈርመው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

አሁን ከመንግሥቱ ጋር አስተያዪው። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው (የጤና ባለሙያ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ በሥራ ምዘናው ይወሰናል፤ ለመነሻ ግን ይህን ያዢ)። ግብር 2,100፣ ጡረታ 805፣ እጅሽ ላይ 8,595። ሰዓቱን ግን ማንም አያሰላውም። በመንግሥት መደበኛው ሳምንት 39 ሰዓት፣ በወር 169 ሰዓት ግድም ነው። በግል በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 48፣ በወር 208። ስታካፍዪው መንግሥት በሰዓት 51 ብር ገደማ፣ ክሊኒኩ በእጅ ከሚሰጥሽ ጋር 53 ብር ከምናምን። ያ ሁሉ «ብር ብር ነው» የሦስት ብር እንኳ ልዩነት የለውም።

2. ዱቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ተረኛነት)። የግል ክሊኒክ ትርፍ ሰዓት የሚሰላው በፔይሮል ላይ ባለው ደመወዝ ነው። ደመወዙን ለ208 ታካፍያለሽ፤ በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍትሽ 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ታበዢበታለሽ። 20 የሌሊት ትርፍ ሰዓት ብትሠሪ በ12,000 ሲሰላ 2,019 ብር፣ በ5,000 ሲሰላ 841 ብር። በእጅ ያገኘሽው 2,240 ግማሹ እዚህ ጋ ተመለሰላቸው ማለት ነው። አሠሪው ለጡረታሽ የሚያስገባው 11 በመቶም ከ1,320 ወደ 550 ይወርዳል፤ በየወሩ 770 ብርሽ እዚያው ይቀራል። አንድ ነገር ግን አትሳሳቺ፦ 1.75 የሚከፈለው ለትርፍ ሰዓት ነው። መደበኛ ፈረቃሽ ሌሊት ላይ ስለዋለ ብቻ ሕጉ ጭማሪ አይሰጥሽም፤ የሌሊት አበል ከፈለግሽ ውሉ ላይ አስጽፊ።

3. ልምዱ ይያዛል ወይ። ጥያቄሽ ይሄ ነበር፣ ሰው የሚቃጠለውም እዚህ ነው። መንግሥት ቤት የግል ልምድ ይዘሽ ስትቀርቢ «የሥራ ግብር የተከፈለበት ነው ወይ» ይሉሻል። በ5,000ው ላይ በየወሩ ግብር ከገባልሽ ዓመቱ ይቆጠራል፤ የገንዘቡ ማነስ ዘመኑን አያሳጥረውም። ችግሩ 7,000 በእጅ የሚሰጥ ቤት 5,000ውንም በየወሩ በትክክል የሚያሳውቅ አለመሆኑ ነው። የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ «የሙከራ ጊዜሽ ይለቅ» ተብሎ ስምሽ ሦስት አራት ወር ዘግይቶ ይገባል (ሕጉ የሚፈቅደው ሙከራ 60 የሥራ ቀን ነው፣ እሱም በጽሑፍ ከሆነ፤ ግብር ደግሞ ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ነው)። መሐል ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሁለት ሦስት ሠራተኛ ስም ከዝርዝሩ ይወጣል። አንቺ 24 ወር ሠርተሻል፤ ገቢዎች ዘንድ ያለሽው 17 ወር ነው። ማስታወቂያው «2 ዓመት» ካለ 17 ወር ዜሮ ነው።

ከዚህ የባሰ ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ስትለቂ ክሊኒኩ ደግ ልሁን ብሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ «ደመወዝ 12,000» ብሎ ይጽፍልሻል። የግብር ማስረጃው 5,000 ይላል። የሰው ሀብት ባለሙያው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ማስረጃው ይጋጫል» ብሎ ፋይልሽን ይመልሳል፤ እንዴት እንደሚስተካከልም አይነግርሽም። ገቢዎች ስትሄጂ «አሠሪው ደብዳቤ ይጻፍልን» ይሉሻል፣ አሠሪው «ሂሳብ ሠራተኛችን የለችም፣ ሰኞ ነይ» ይልሻል፣ የምዝገባ ጊዜው ሐሙስ ያልቃል። ሁሉም ሥራውን የሠራ ይመስለዋል፣ የምትመላለሺው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፦ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን ራስሽ አውጪና ስጪያቸው፤ «እኛ እንጨርሰዋለን» ሲሉሽ እሺ አትበይ። የአንድ ወር ግብር በቀጣዩ 30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሂሳብ ክፍል ሂጂና ስምሽ ያለበትን የግብርና የጡረታ ዝርዝር ገጽ በስልክሽ አንሺ። ይህን በየሦስት ወሩ ድገሚው። ደመወዙ በባንክ ይግባልሽ። የልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራ መደብሽ፣ ከመቼ እስከ መቼ በቀን፣ በወርና በዓመት፣ ደመወዝሽ በፔይሮሉ ልክ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ መከፈሉ፣ ማኅተምና የፈራሚው ስም ከነኃላፊነቱ ይኑር። «ነርስ» ብቻ አይበል፤ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወይም ኦፕራሲዮን ክፍል ከሠራሽ ይጻፍ። ነገ ወደ ባሕረ ሰላጤው ልሂድ ብትዪ ዳታፍሎው (ለእነዚያ አገሮች የባለሙያ ማስረጃ የሚያጣራው ድርጅት) የሚያጣራው ይህንኑ ነው፤ የሚጠይቀው ደግሞ አንቺን ሳይሆን አሠሪውን ነው።

በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የተሠራ ልምድ እንደ ሁለት አይቆጠርም። ላይሰንስ ከመውጣቱ በፊት «ረዳት ሆኜ» የተሠራውም በሙያ ልምድነት ብዙ ቦታ አይያዝም።

4. ላይሰንስሽ። ኦሪጅናሉን አስቀምጪ ይሉሻል። ኮፒ ስጪ፣ ኦሪጅናሉን አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ። ክሊኒኩ ፈቃዱን ሲያወጣና ሲያሳድስ የባለሙያዎቹን ስም ለተቆጣጣሪው ያቀርባል፤ አንቺ እዚያ ተመዝግበሽ ሳለ ያለ መልቀቂያ ደብዳቤ ከወጣሽ ስምሽ እዚያው ይቀራል፣ ሌላው ቤት ሊያስመዘግብሽ ሲል «ይህች ባለሙያ ሌላ ቦታ ነች» ይባላል። መልቀቂያ ለመከልከል ምክንያት እንዳያገኙ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያሽን በጽሑፍ ስጪ፣ ሁለተኛው ኮፒ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ይፈርሙልሽ። የልምድ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። «ሰው እስክንተካ ጠብቂ» እያሉ ሦስት ወር የሚያቆዩት ያቺ ፊርማ ከሌለች ነው። ሙያ ፈቃድ ማከራየቱን ደግሞ ጭራሽ አታስቢው፤ አንቺ በሌለሽበት በስምሽ የታከመ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ባንቺ ነው።

5. ወደ መንግሥት ስትዞሪ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቢ። ለዜሮ ዓመት መደብ ተወዳድረሽ ከገባሽ ሁለት ዓመት ልምድሽ ደመወዝሽን ከፍ አያደርገውም፤ የሚከፈልሽ የመደቡ መነሻ ነው። ልምዱ ጥቅም የሚኖረው ልምድ ለሚጠይቅ መደብ ስትወዳደሪበት ነው። እዚያ ከገባሽ በኋላ ስለ ዱቲ ክፍያ መዘግየት እዚህ ግሩፕ ውስጥ ስንቱ እንደሚያማርር ታያለሽና አልዘረዝርም። ብቻ ዱቲ ስትቀያየሪ በቃል አትቀያየሪ፤ ፕሮግራሙ ላይ ተስተካክሎ ኃላፊዋ ካልፈረመች ክፍያው የሚወጣው ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ሲፒዲ (ላይሰንስ ለማሳደስ የሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ሥልጠና) በዓመት 30 ክሬዲት ነው፤ ግል ቤት ማንም አያስታውስሽም፣ ለእድሳት ሲደርስ የሦስት ዓመቱን በአንድ ወር መሰብሰብ ደግሞ ጉድ ነው።

ለክሊኒኩ ነገ የምትመልሽላቸው፦ «12,000ው ሙሉ በፔይሮል ይሁን፣ ውሉ ላይም ይጻፍ።» እምቢ ካሉ «ከ5,000ው ይልቅ 9,000ውን» እያልሽ አትደራደሪ፤ ጎደሎ ማሳወቁ ያው ነው፣ ግብሩም የመንግሥት ነው። እኔ ብሆን መንግሥት ማስታወቂያ እስኪወጣ ሙሉውን በፔይሮል የሚከፍል 10,000 ብር ቤት ከዚህ እመርጣለሁ። ውል ሰጥተውሽ ከሆነ የደመወዙን አንቀጽ ብቻ (ስምና ማኅተም ሸፍነሽ) እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።