እስቲ ሙሉውን ካርድ አሳየኝ

አብሽሩ ልጆቼ። ደሴ ላይ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ይዤ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ፎቶ መዳኘትን ግን የተማርኩት ተሳስቼ ነው፣ ያረመችኝም ተማሪ ናት።

ለግድግዳ ጋዜጣ ፎቶ አወዳድረን አንዱ ልጅ ከባቲ የሰኞ ገበያ የአንድ ሕፃን ፎቶ ይዞ መጣ፣ ፊቱ ቀረብ ተደርጎ የተነሳ፣ ጉንጩ ላይ እንባ፣ ጀርባው ብዥ ያለ፣ እኔም ሆዴ ባባና ወዲያው አንደኛ አልኩት። ከኋላ አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ እሱ እኮ በርበሬ ተራ ነው የቆመው" አለች፣ ክፍሉ በሳቅ። የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ አስከፍቼ ሳይ እውነትም ከኋላው የበርበሬ ጆንያ ተደርድሯል፣ ቀጥሎ ባለው ፎቶ ደግሞ ልጁ ሸንኮራ እየጋጠ ይስቃል።

ለምን ተሸወድኩ? እኛ ወሎዎች ፊታችንን በሰው ካሜራ ነው ያየነው። በ1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም፣ በ1977 ጥቅምት ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ኮረም ላይ (ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ነበር) የቀረፀው ዓለምን አንቀሳቅሶ እርዳታ አስመጥቷል፣ ሰው በእውነት እያለቀ ስለነበር እሱን አልክድም፣ ግን ከዛ ወዲህ የወሎ ልጅ እንባ ስናይ "ረሃብ" የሚለውን ካፕሽን (ፎቶ ስር የሚጻፈውን መግለጫ) በሆዳችን ጽፈን እንጨርሳለን።

ስለዚህ ፎቶ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ካፕሽኑን በእጃችሁ ሸፍኑትና ፎቶው ብቻውን ምን እንደሚል እዩ፣ ዳር ዳሩን እዩ፣ ምን ተቆርጦ ቀረ በሉ፣ ከዛ ካፕሽኑን አንብቡና ከየት መጣ ብላችሁ አፋጥጡት። በ2015 እ.ኤ.አ. ወርልድ ፕረስ ፎቶ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ስለ ቤልጅየሟ ሻርለሯ ከተማ ነው ብሎ የሸለመው ስራ ውስጥ አንዱ ፎቶ ብራስልስ የተነሳ ሆኖ ሲገኝ ሽልማቱን መልሶ ወስዷል፣ ትልልቆቹም ይሸወዳሉ ማለት ነው። ያነሳውን ልጅ ደግሞ ስንት ሰዓት ቆየህ፣ ስሙን ጠየቅከው ወይ በሉት። ስለ ብርሃን፣ ስለ ፍሬም አከፋፈል ምናምን አትጨነቁ፣ እሱ በሁለት ወር ይገባችኋል።

ያቺ ልጅ ራሷ ያመጣችው በግመል ዋጋ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ነበር፣ የሻጩ እጅ አየር ላይ ቀርቶ፣ ገዢው ፊቱን አዙሮ። "ምንም የለበትም" ብዬ ስድስተኛ ነው የሰጠኋት። ማርክ መዝገቤ ላይ እስካሁን እንደዛው አለ።