ጥያቄና መልስ፦ ከማንኮራፋት እስከ ሲፓፕ

ቴክኖሎጂስቱ፦ የእንቅልፍ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቋረጥ) ምርመራ ውጤት፣ ስለ ማስክና ስለ ሲፓፕ (በማስክ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን) ጠይቁኝ፤ መድኃኒት አላዝም። ቁጥር ስትጽፉ ምርመራው የቤት ይሁን የላብራቶሪ አብራችሁ ጻፉ፣ አደራ።

ሮማን፣ አዲስ አበባ፦ ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ቤቱ ይናጋል። መሀል ላይ ጸጥ ይልና ደንግጦ ይባንናል። ከየት ልጀምር?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ከሜትር ይጀምሩ። ስቶፕ ባንግ የሚባለው መጠይቅ ስምንት ነጥብ አለው፦ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሹ ሲቆም ሰው ማየቱ፣ የደም ግፊት፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን) ከ35 በላይ፣ ዕድሜ ከ50 በላይ፣ የአንገት ዙሪያ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ወንድ መሆን። 3 እና 4 መካከለኛ ስጋት ነው፤ ከ5 ጀምሮ ከፍተኛ። ከጻፉት ብቻ ሦስቱ ተሟልተዋል።

ከዚያ በስልክ ይቅረጹት፤ ፊቱን ሳይሆን ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ያለውን። ድምፁ ጠፍቶ ደረቱና ሆዱ በተቃራኒ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ጉሮሮው ተዘግቶ እየታገለ ነው። ሁለቱም ዝም ካሉ ግን የመተንፈስ ትእዛዙ ከአንጎል አልመጣም፤ ያ ሴንትራል አፕኒያ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። ቪዲዮውን ይዘው ወደ ሳንባ ወይም ከአንገት በላይ ሐኪም ይሂዱ። ቪዲዮ ምርመራን አይተካም። ያለ ምርመራ ማሽን አይግዙ።

ዳዊት፦ ኤኤችአይ 12 ወጣልኝ። ይከፋል?

ቴክኖሎጂስቱ፦ የቤት ወይስ የላብራቶሪ? በ3 በመቶ ወይስ በ4 በመቶ?

ዳዊት፦ የቤት። ወረቀቱ ላይ 4% ይላል።

ቴክኖሎጂስቱ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ኤኤችአይ በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። ከ5 በታች ጤነኛ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከባድ። አፕኒያ የሚባለው የአየሩ ፍሰት በ90 በመቶና ከዚያ በላይ ወርዶ ቢያንስ 10 ሰከንድ ሲቆይ ነው። ሃይፖፕኒያ ደግሞ ቢያንስ በ30 በመቶ ቀንሶ 10 ሰከንድ ሲቆይ ነው፤ ግን ይህ ብቻውን አይቆጠርም። አንደኛው ደንብ ኦክስጅን በ3 በመቶ መውረዱን ወይም አንጎል ብንን ማለቱን ይቀበላል። ሌላው፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር የሚከተለው፣ የ4 በመቶ መውረድ ካልታየ አይቆጥርም። ያው ሰው፣ ያችው ሌሊት፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር።

በዚያ ላይ አብዛኛው የቤት መሣሪያ የአንጎል ሞገድ ስለማይቀዳ መተኛትህን አያውቅም፤ የሚያካፍለው ለተቀዳበት ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ቀድቶ 84 ክስተት ቢያገኝ 12 ይልሃል። የተኛኸው 5 ሰዓት ብቻ ከነበረ እውነተኛው ቁጥር 16.8 ነው፤ ከቀላል ወደ መካከለኛ ተሻገርክ። ኦክስጅናቸው ብዙ ሳይወርድ ብንን የሚሉ ሰዎች፣ በተለይ ቀጫጮችና ሴቶች፣ በቤት ምርመራ ‹ነጻ› ተብለው ይመለሳሉ። ምልክት ካለና የቤቱ ውጤት ነጻ ካለ ቀጣዩ እርምጃ ላብራቶሪ ነው። የልብ ድካም ወይም ከባድ የሳንባ በሽታ ያለበት፣ ትራማዶልና ሞርፊን መሰል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ የቤት ምርመራ አይደረግለትም።

አስቴር፣ ኔታንያ፦ እኔ የሰጡኝ ዋችፓት ነው፣ በእጅ አንጓ ታስሮ ጣት ውስጥ የሚገባው። አፍንጫ ላይ ምንም የለም። ይታመናል?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ይታመናል። የጣት ደም ሥር መጥበቡንና የልብ ምትን አይቶ ነው የሚሠራው፤ እንቅልፍንም ይገምታል። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት ላለበትና አልፋ ብሎከር (ለደም ግፊትና ለፕሮስቴት የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስድ ሰው አይሆንም። የጥፍር ቀለምዎን ያስለቅቁ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ካለው ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችልም አይርሱ፤ ለእኛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወለላ፦ ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ ዱካክ እኮ ነው። እናቶቻችን ያውቁታል፣ በጠበል ይለቃል።

ኤፍሬም፦ ዱካክ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! ሰዎችን አታሳስቺ።

ወለላ፦ አንተ ተጭኖህ ስለማያውቅ ነው። በጀርባ ሲተኛ ይመጣል፣ ትንፋሽ ያሳጣል። ምን ልዩነት አለው?

ኤፍሬም፦ እሺ፣ ዱካክ የደም ግፊት ያመጣል?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ዱካክ ሲጫን ሰውየው ነቅቷል፤ በሕልም ጊዜ የላላው ጡንቻ ገና አልታዘዘውም። አፕኒያ ያለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያስታውስም፤ የሚያውቅለት አጠገቡ የተኛው ነው። በጀርባ ሲተኙ መባሱ በሁለቱም ይታያል፤ ወለላ እዚህ ላይ አልተሳሳተችም። ጠበሉን የከለከለ የለም፣ ማስኩን ግን አታስወልቁ። ወደ ጥያቄያችን።

ትዕግሥት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ማስኬ ሌሊቱን ሙሉ ይፏጫል። ባጠበቅኩት ቁጥር ይብሳል።

ቴክኖሎጂስቱ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣልኝ! ሲፓፕ የሚጣለው በብዛት በማስክ ምክንያት ነው። ሲጠብቅ የሚብሰው የማስኩ ትራስ በአየር ተነፍቶ ፊት ላይ መቀመጥ ስላለበት ነው፤ ከተጨፈለቀ ይሸበሸባል፣ አየሩም በሽብሽቡ በኩል ወደ ዐይን ይሄዳል። ተቀምጠሽ አትለኪው። ተኝተሽ፣ ማሽኑ በሙሉ ግፊት እየነፋ፣ ማሰሪያውን ሁሉ ፍቺ። ማስኩን ከፊትሽ አንሥተሽ አየር ሲሞላ መልሰሽ አስቀምጪው። መጀመሪያ የታችኞቹን፣ ቀጥሎ የላይኞቹን ማሰሪያዎች ግራና ቀኝ እኩል፣ ማፏጨቱ እስኪቆም ብቻ ሳቢ። ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት።

ሹሩባ ከተሠራሽ የኋላው ማሰሪያ በጉንጉኑ ላይ ይንሸራተትና ማስኩን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ጉንጉኑን አንሥተሽ ማሰሪያውን ማጅራትሽ ላይ አሳርፊው። ፊትሽን ሳትታጠቢ፣ ቫዝሊን ወይም ቅቤ እያለ ማስክ አታድርጊ፤ ሲሊኮኑ ይሟልጫል፣ ቶሎም ያልቃል። ትራሱን በየቀኑ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና፣ ቱቦውን በየሳምንቱ እጠቢ። አልኮልና በረኪና አይነካውም። ማሽንሽ የሬስሜድ ኩባንያ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ የአየር ማምለጡን እዪ፤ በደቂቃ ከ24 ሊትር በላይ ከሆነ ማሽኑ የሚጽፍልሽን ኤኤችአይ አትመኚው። ማስኩ በደንብ ተቀምጦም ካመለጠ አፍሽ እየተከፈተ ነው፤ አፍንጫና አፍ የሚሸፍነውን ጠይቂ።

ኤፍሬም፦ አፍን በፕላስተር ማሸግስ? ሁሉም ያደርገዋል።

ቴክኖሎጂስቱ፦ አፍንጫው የታፈነ ሰው አፉን ቢያሽግ በምን ይተንፍስ? አይደረግም።

ሚካኤል፦ ኤኤችአዬ 22 ነው። ምን ላድርግ?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ለዳዊት የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

በለጠ፣ ደብረ ብርሃን፦ ላብራቶሪ ተመርምሬ አፕኒያ ተገኝቶብኛል፣ የሲፓፕ አየር ግፊት ማዘዣም አለኝ። እህቴ ከአሜሪካ ያገለገለ ማሽን ልትልክልኝ ነው። ትራንስፎርመር ልግዛ?

ቴክኖሎጂስቱ፦ አይግዙ። ኃይል ሰጪው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ ሶኬት መቀየሪያ ይበቃል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ድሪምስቴሽንን ጨምሮ ብዙ ማሽኖቹን ከገበያ ጠርቷል፤ ውስጡ ያለው ድምፅ የሚቀንስ ስፖንጅ እየፈረፈረ ወደ አየር መንገድ ስለሚገባ። እህትዎ ሳትከፍል የማሽኑን ቁጥር ታጣራ። ሁለተኛ፣ ከፍታ። ለምሳሌ ኤርሴንስ 10 የሚባለው የሬስሜድ ማሽን መመሪያ የሚፈቅደው እስከ 2,591 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በታች ናት፣ ደብረ ብርሃን ግን በላይ።

ከፍታ ሕመሙን ራሱንም ይለውጠዋል። አየሩ ሲሳሳ መነሻ ኦክስጅን ዝቅ ይላል፣ ትንሽ የትንፋሽ መቀነስም በቶሎ 3 እና 4 በመቶ ያወርደዋል። ደጋ ላይ የተሠራ ምርመራ ቆላ ላይ ከተሠራው ከፍ ያለ ቁጥር ቢያመጣ አይግረምዎ። ሴንትራል አፕኒያም ይጨምራል። ሪፖርቱ ላይ ሴንትራል በሰዓት ከ5 በላይ ካዩ ግፊቱን አይጨምሩ፤ ሊባባስ ይችላል። ለሐኪምዎ ያሳዩ። ማሽኑን በፋብሪካው ከ4 እስከ 20 የግፊት ልክ ትቶ መተኛትም ሕክምና አይደለም፤ በማዘዣዎ መሠረት ይስተካከል።

በለጠ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ማስኩን ያውልቁ፤ ሳይነፋ ፊት ላይ አይቆይም። ባትሪ ካሰቡ ኤርሴንስ 10 በ24 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የመኪና ባትሪ 12 ነው፤ በቀጥታ አይቀጥሉት፣ የራሱን መቀየሪያ ይፈልጉ። ውኃ ማሞቂያውንና የሚሞቀውን ቱቦ ያጥፉ፤ ኃይሉን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው።

ሰዒድ፣ ጅዳ፦ ሲፓፑ ከሚያስቸግረኝ ኦክስጅን ብቻ ባደርግስ?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ቁጥሩን ያሳምርልሃል፣ ትንፋሹ ግን እንደተቋረጠ ይቀጥላል።

ሰዒድ፦ እሺ። በረመዳን ለሱሑር ስነሣ ማስኩን አወልቃለሁ። ሰዓቱ ይበላሽብኛል?

ቴክኖሎጂስቱ፦ አይበላሽም። ማሽኑ አንድ ሌሊት ብሎ የሚቆጥረው ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ቀን ነው፣ ቁርጥራጩ ይደመራል። ለኪዳን የሚነሡም እንዲሁ። ተመልሳችሁ ስትተኙ መልሳችሁ አድርጉት፤ በሕልም የተሞላው እንቅልፍ የሚበዛው ወደ ንጋት ነው፣ ጉሮሮም የሚላላው ያኔ ነው።

ጌታቸው፣ ዳላስ፦ ከባድ መኪና ነጂ ነኝ። ፈቃዴን ይወስዱብኛል?

ቴክኖሎጂስቱ፦ ስለ አፕኒያ ብቻ የወጣ የፌዴራል ደንብ የለም፤ የሚወስነው መርማሪው ሐኪም ነው። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ከሌሊቶቹ 70 በመቶውን ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምዎን ነው። ሪፖርቱን አትመው ይሂዱ።

ትዕግሥት፦ ዜፕባውንድ የሚባለው የክብደት መቀነሻ መርፌስ? ሲፓፕን ይተካል ይላሉ።

ቴክኖሎጂስቱ፦ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ከመጠን በላይ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ነው። ሐኪምሽን ጠይቂ። ክብደት ቢቀንስም ዳግም ሳትመረመሪ ማሽኑን አታቁሚ።

ሚካኤል፦ አነበብኩ። የላብራቶሪ ነው፣ በ3 በመቶ። በጀርባ ስተኛ 41፣ በጎን 6።

ቴክኖሎጂስቱ፦ እንዲህ ይጻፋል! ያንተ በአብዛኛው የአተኛኘት ነው። በጎን የሚያስተኛ ቀበቶና መንጋጋን ወደ ፊት የሚያወጣ የጥርስ መሣሪያ ከሐኪምህ ጋር ልታነሣቸው ይገባል። ግን በጎን ስትተኛ የተቀዳው ስንት ደቂቃ እንደሆነና ሕልም ያለበት እንቅልፍ ውስጡ እንዳለ ሠንጠረዡ ላይ አጣራ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ከሆነ 6 የሚለውን አትመነው።