ጋዝ ልማር ወይስ ሶላር?

ጥያቄ፦ ሜካኒካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስመረቅ ዓረብ አገር ኃይል ማመንጫ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። አቡዳቢ ያለው አጎቴ ግን «ጋዝ ጊዜው አልፎበታል፤ ሶላር ተማር» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትህ ያየውን ነው የነገረህ። አቡዳቢ ሰፋፊ የሶላር ጣቢያዎች አሏት። የባራካ ኃይል ማመንጫ 4 የኑክሌር ማብላያዎችም ከኤምሬትስ መብራት ሩብ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከቀረው አብዛኛው ግን አሁንም ከጋዝ ነው የሚመጣው። ባሕሬንና አልጄሪያ ደግሞ መብራታቸው ሁሉ ማለት ይቻላል በጋዝ ነው።

ብዙ ሰው ዓረቦቹ ጋዙን ለውጭ ብቻ የሚሸጡት ይመስለዋል። ኳታር ትሸጣለች፤ እውነት ነው። ኤምሬትስ ግን ራሷ ከኳታር በዶልፊን ቧንቧ ትገዛለች። ኩዌት ያን ሁሉ ነዳጅ ይዛ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ታስመጣለች። በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ኤሲው የሚፈጀው መብራት ነው ምክንያቱ። ግብፅም ዞህር ከተባለው የጋዝ መስኳ በሚወጣው ጋዝ ራሷን ችላ ነበር፤ ምርቱ ሲቀንስ በ2023 እና በ2024 መብራት በፈረቃ እስከ ማጥፋት ደረሰች።

ስለዚህ የጋዙን ማሽን ተማር እልሃለሁ። የዱባዩን የጀበል አሊ ኃይል ማመንጫ ተመልከት፤ ከ9,000 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫል። ከጋዝ ተርባይኑ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ ሌላ ተርባይን ያዞራል፣ የተረፈው ሙቀት የባሕር ውሃን ከጨው ይለያል። ችግሩ አየሩ ሲግል ይሳሳል፤ የጋዝ ተርባይኑም ጉልበት ይቀንሳል። ያውም አገር ምድሩ ኤሲ በከፈተበት ሰዓት! ይህን የሚረዳ፣ ጥገናና ኮንትሮል የሚችል ባለሙያ ይፈለጋል። ሶላር ቢስፋፋም ፀሐይ ስትጠልቅ ጋዙን የሚያስነሳ ሰው ያስፈልጋል።

ልምዱን እዚሁ አገር ቤት መጀመር ትችላለህ። ኢንተርንሺፕህን ፊንጫ ወይም መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ለመውጣት ሞክር። የሸንኮራ ገለባ እያነደዱ በእንፋሎት ተርባይን መብራት ያመነጫሉ። ቦይለሩ አጠገብ ቁም፣ ኦፕሬተሮቹን ጠይቅ፣ የሠራኸውን በማስታወሻ ያዝ። ቀጣሪ ሲጠይቅህ የምትናገረው ነገር ይኖርሃል።

አንድ ነገር ልብ በል። የቢሮና የአስተዳደር ቦታውን መንግሥቶቻቸው ለዜጎቻቸው ነው የሚያስቀድሙት። አንተ ኦፕሬሽንና ጥገና ላይ አተኩር። ዲግሪህን ውጭ ጉዳይና ኤምባሲ ማረጋገጥ ጊዜ ይፈጃል፤ እንደተመረቅክ ጀምረው። «ቪዛህ ወጥቷል፣ ብር ላክ» የሚል ደላላ ከመጣ ግን በጽሑፍ የተፈረመ የሥራ ውል ሳታይ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ።