ልጄ የወረቀት ኮከብ ይሸጥ በነበረ ጊዜ

ሰላም እህቴ። የ12 ዓመት ልጅሽ ወረቀት አጥፋ የምትሠራቸውን መጫወቻዎች ለክፍሏ ልጆች ልሽጥ ብላሽ «ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?» ብለሻል። እኔ ብሆን እፈቅድላታለሁ። የኔም ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሳለ ይህንኑ ንግድ ጀምሮ ነበር።

በመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ጠይቂ። እኛ አልጠየቅንም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህር ትምህርት እየተሰጠ ሲገበያዩ ያዛቸውና ልጄ ለሽያጭ የያዘውን ሁሉ ወረሰበት። እኔም ተጠራሁ። እውነቱን ለመናገር መምህሩ አላጠፋም። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ብቻ ሆነ።

ስለ ዋጋው ብዙ አትጨነቂ። ወረቀቱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ጊዜዋ ነው። ልጄ በብዛት የሚሸጠው ስምንት ቁራጭ ተሰካክቶ የሚሠራውን፣ ሲጎትቱት ቀለበት፣ ሲገፉት ኮከብ የሚሆነውን ነበር። ከአንድ ኤፎር ወረቀት 7 በ7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 ካሬዎች ይወጣሉ። ስለዚህ ከሁለት ወረቀት ልክ ሦስት ኮከብ ይሠራል፤ አንድም ካሬ አይተርፍም። ይህን ያሰላው ራሱ ነው። ሒሳብ ሲባል የሚሸሸው ልጅ!

የሚዘለው የወረቀት እንቁራሪት ግን አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። እሱን ጠንከር ባለ ወረቀት ትሥራው። በስስ ወረቀት ከሆነ የኋላው እጥፋት እንደ ሞላ አይገፋም፤ ጥቂት ከዘለለ በኋላ ይልፈሰፈሳል።

ዋናው ጣጣ ያለው ትዕዛዝና ዱቤ ላይ ነው። አንድ ቀን 19 ትዕዛዝ ተቀብሎ እየቦረቀ መጣ። 19 ኮከብ ማለት 152 ቁራጭ ማጠፍ ነው! ሲመሽ ደከመውና ታናሽ እህቱን እንድታግዘው ለመናት። እሷ ያጠፈችው ደግሞ ጠርዙ አይገጥምም፤ ገና ሲነካ ይበታተናል። (እኔም ሞክሬ ነበር፤ የኔው ባሰ።) በማግስቱ ግማሹ ተመለሰበት። «ነገ እከፍልሃለሁ» ካሉት መካከል ደግሞ አንዱ የልብ ጓደኛው ነበር። ለአንድ የወረቀት ኮከብ ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። ልክፈልልህ ብለው እምቢ አለኝ፤ ነገሩ የገንዘብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሠርቶ የጨረሰውን ብቻ፣ እጅ በእጅ መሸጥ ጀመረ። ልጅሽ ግን ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ ታድርግ።

ሌላው፣ የወረቀት ሥራ ምስጢር የለውም። አንዲት የክፍሉ ልጅ የገዛችውን ኮከብ ፈታ አጣጠፉን አጠናችና በግማሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረች። ልጄ አለቀሰ። እኔም የምለው ጠፋኝ። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ልጆቹ ማጠፉን ቢችሉም ወረቀቱን ሲቆርጡ ይንጋደድባቸዋል። ካሬው ትንሽ ከተዛባ ስምንቱ ቁራጭ በደንብ አይሰካካም። በማስመሪያ ለክቶ የቆረጣቸውን ካሬዎች ስምንት ስምንት እያደረገ መሸጥ ያዘ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ያቺው ልጅ ነበረች። እጅ በእጅ ነው የከፈለችው።