ውስጥ እግር መታሸት ስኳር ላለባቸው እናት ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ስኳር ያለባቸው እናትሽ ሌሊት ሌሊት እግራቸውን እያቃጠላቸው እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ አንድ ባለሙያም ውስጥ እግራቸውን በማሸት ስኳሩንም ኩላሊቱንም እንደሚያድን ነግሯችሁ «መድኃኒቱን ያቁሙ ወይ?» ብለሽ ከኮምቦልቻ ጠይቀሻል። አያቁሙ። ይህን የምልሽ ሥራውን ንቄ አይደለም፤ ዱባይ በማሳጅ ቤት ተቀጥሬ የተማርሁት ሪፍሌክሶሎጂ፣ ማለትም ከሌላው የሰውነት ክፍል ጋር ይያያዛሉ የሚባሉትን የውስጥ እግር ቦታዎች እየተጫኑ የማሸት ሙያ፣ ዛሬም ደሴ ላይ እንጀራዬ ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዊሊያም ፊትዝጄራልድ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቋሚ ዞኖች ከፈለ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዩኒስ ኢንግሃም በዚያ ላይ ተመሥርታ የውስጥ እግርን ካርታ ሠራች። በካርታው አውራ ጣት የራስ፣ ከጣቶች ሥር ያለው ወፍራም ሥጋ የሳንባ፣ ጎድጓዳው መሐል የሆድ ዕቃ፣ ተረከዝ የዳሌ አካባቢ ነው ይባላል። እኔም በዚሁ እየተመራሁ እሠራለሁ፤ ሆኖም በሽታን እንደሚለይም ሆነ እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ሰውነት ይፍታታል፣ ትንፋሽ ይረጋጋል፣ ብዙዎችም ሁለተኛውን እግር ሳልጀምር ያንቀላፋሉ። እግር አጥቦ፣ አሽቶ እንግዳ የሚያሳርፍ የወሎ ሰው ይህን ለማመን ካርታ አያስፈልገውም።

የእናትሽ ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ስኳር ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ማቃጠሉም ብዙ ጊዜ የዚሁ ምልክት ሲሆን እያደር እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው «ጠንከር አድርጊው፣ ምንም አልተሰማኝም» ሲለኝ ጉልበት በመጨመር ፈንታ እጄን አነሣለሁ። ከሐይቅ በኩል የመጡ አንድ አባት እንዲሁ ቢሉኝ እግራቸውን ወደ መስኮቱ አዙሬ ባይ፣ ተረከዛቸው ውስጥ የተሰበረ የግራር እሾህ አገኘሁ፤ ዙሪያው መግል ቋጥሮ ሳለ እሳቸው ምንም ሳይሰማቸው ሲሄዱበት ከርመዋል። የዘይቱን ክዳን ሳልከፍት ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘኋቸው።

እንግዲህ አስቀድሞ ሐኪም እግራቸውን ይመርምር፤ ማቃጠሉን የሚያስታግስ መድኃኒትም ስላለ ሳትጠይቂ አትመለሺ። ቁስል፣ ስንጥቅ ወይም ስብራት ካለ አይታሹ። አንደኛው ባታቸው ብቻ አብጦ፣ ሞቆ የሚያማቸው ከሆነ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ ወጌሻም ቢሆን ሳይነካው በፍጥነት ሆስፒታል ውሰጃቸው።

ሐኪሙ ከፈቀደ ግን አብሽሪ፣ ከመኝታ በፊት አንቺው ልታሺያቸው ትችያለሽ። እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ስታጥቢ ሙቀቱን እሳቸው በእግራቸው ሳይሆን አንቺ በክርንሽ ለኪው፤ በደንብ ካደረቅሽ በኋላ ቫዝሊን ቀብተሽ በአውራ ጣትሽ ከተረከዝ ወደ ጣቶች ቀስ እያልሽ፣ ሳትጫኚ፣ ለእያንዳንዱ እግር 10 ደቂቃ ያህል አሺላቸው። በጣቶቻቸው መሐል ግን ቫዝሊን አታስገቢ፤ እርጥበቱ ለፈንገስ ይዳርጋል።