ግድግዳው ሳይደርቅ ጂፕሰም አይግዙ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቀበና፣ ተዳፋት ላይ በተሠራው ቤታችን ሥር 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ሳይለሰን የቀረ ምድር ቤት አለ። እስካሁን የባዶ ጀሪካንና የአሮጌ ቆርቆሮ ማስቀመጫ ነበር። እኔ የእንጨት ሥራ እወዳለሁ፤ ልጄ ክራርና ከበሮ ይለማመዳል። ክፍሉን ለሁለታችን እንዲሆን በራሴ እጅ ልሠራው አስቤያለሁ። ችግሩ በአፈሩ በኩል ያለው ግድግዳ ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም ያወጣል። ቀለም ቀቢው «በዘይት ቀለም ይዘጋል፣ ከዚያ ጂፕሰም ይለበሳል» ብሎኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከውሃው ይጀምሩ። ነጩ ዱቄት ጨው ነው። በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ የመጣው ውሃ ሲተን፣ ያሟሟውን ጨው ግድግዳው ፊት ላይ ጥሎት ይሄዳል። የዘይት ቀለም ይህን አይዘጋም፤ ከኋላ የሚገፋው ውሃና ጨው ቀለሙን አሳብጦ ይልጠዋል። ሬንጅም ከውስጥ ከተቀባ ዕጣው ያው ነው። ሬንጅ የሚሠራው ከአፈሩ ወገን ተቀብቶ ውሃው ወደ ግድግዳው ሲጫነው ነው። ጂፕሰም ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ይሻግታል፤ ከበስተጀርባው የሚሆነውንም ይደብቅብዎታል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ለ2 ቀን ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ውሃው ከግድግዳው ነው። በፊት ለፊቱ ከሆነ ግን የክፍሉ አየር እርጥበት ነው፤ መፍትሔውም ማናፈስ ነው። ይህንኑ በጋ ላይ፣ ጥር ውስጥ፣ ይድገሙት። ያኔም ከጀርባው ካረጠበ ጥፋተኛው ዝናብ አይደለም፤ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ሞልቶ የሚፈስ ሮቶ ሊሆን ይችላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሌሊት ሞልቶ ግድግዳው ሥር ሲፈስ ቢያድር ማንም አያየውም። ቧንቧውን ለመፈተሽ፣ ውሃ ባለበት ሰዓት ሁሉንም መክፈቻ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። ከዞረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ምንጩ ዝናብ ከሆነ ትልቁ ሥራ ያለው ውጭ ነው፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ውሃ ይሰበሰባል። የአሸንዳው መውረጃ ያን ሁሉ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ከውስጥ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። መውረጃውን ቢያንስ 2 ሜትር ያርቁት። በግድግዳው ጥግ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ 5 ሳንቲም የሚያዘቀዝቅ የሲሚንቶ መርገጫ ይሥሩ። ከተዳፋቱ የሚመጣውን ጎርፍ ደግሞ ቤቱ ጋ ከመድረሱ በፊት በሲሚንቶ በተለሰነ ቦይ ወደ ጎን ይምሩት። ይህን ከጨረሱ በኋላ አንድ ክረምት ይጠብቁ። ሐምሌና ነሐሴ ያልፈተኑትን ግድግዳ ማልበስ ቁማር ነው።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ የቀረ መጠነኛ እርጥበት ካለ ከውስጥ መከላከል ይቻላል። የላላውን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ። ስንጥቁን በመሮ 2 ሳንቲም ያህል አስፍተውና አጥልቀው ቶሎ በሚደርቅ ሲሚንቶ ይሙሉት። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ማዕዘን በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ 5 ሳንቲም ያህል አጋድመው ይሙሉ፤ ውሃ መግቢያ መፈለግ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ከዚያ ሲሚንቶ አዘል የውሃ መከላከያ ዱቄት በጥብጠው፣ ግድግዳውን ረጠብ አድርገው፣ የመጀመሪያውን እጅ ቅብ አግድም፣ ሁለተኛውን ወደ ላይና ወደ ታች ይቀቡ። ሁለተኛው እጅ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ቀጭን የሲሚንቶና የአሸዋ ርጭት ካልረጩበት በላዩ የሚመጣው ልስን አይይዝም።

ለወለሉ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ያንጥፉ። መገጣጠሚያው 20 ሳንቲም ይደራረብ፤ ዳሩ ግድግዳው ላይ 10 ሳንቲም ይውጣ። በላዩ 5 ሳንቲም ሊሾ ያፍስሱ። ለ12 ካሬ 0.6 ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ለሦስት ሲደባለቅ ባለ 50 ኪሎ 6 ከረጢት ሲሚንቶና 0.65 ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ይበቃል። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠው ያሳድሩት፤ ከአሸዋው በላይ የረጋው የጭቃ ንጣፍ ከአሸዋው 6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሊሾው ለ7 ቀን ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። በጥቅምት ነፋስ ሳይሸፈን የተተወ ሊሾ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ የሚደርቀው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፕላስቲክ ታይል ወይም እንጨት ከማንጠፍዎ በፊት 50 ቀን ያህል ይታገሡ።

ከፍታው አነሰኝ ብለው ወለሉን ወደ ታች አይቆፍሩ። የመሠረቱ ግርጌ ከተጋለጠ ቤቱ ሊሰምጥ ይችላል። ከወለል እስከ ሶሌታ ከ2.30 ሜትር በታች ከሆነ ኮርኒሱን ይተዉትና ሶሌታውን ራሱን ለስነው ይቀቡ። መስኮት ለመክፈት ግድግዳ ማፍረስ ካስፈለገ ግን መሐንዲስ ሳያየውና የክፍለ ከተማው ፈቃድ ሳይኖር አንድ ብሎኬት አይነቀል።

ጥያቄ፦ እዚያው ክፍል ውስጥ መጋዝ ማሽን ልጠቀም ነው። ከሳሎን ሶኬት ማራዘሚያ ብስብ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። 2,000 ዋት መጋዝ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ከዚያ በላይ። ቀጭን ማራዘሚያ ይግላል፤ ማሽኑም ኃይል አንሶት ይቃጠላል። ከዋናው ቦርድ ለብቻው በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር የሶኬት መስመር፣ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትርና በ10 አምፔር የመብራት መስመር ያስዘርጉ። ረጠብ ባለ ክፍል ከመስመሩ የሚያፈተልከው ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ መከላከያና የምድር ሽቦ ግዴታ ናቸው። ሶኬቱን ከወለል 1 ሜትር ከፍ ያድርጉት። ቦርዱን የሚነካው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በእጅዎ ይሠራል።

ለአቧራውና ለእርጥበቱ በሰዓት 150 ሜትር ኩብ የሚስብ ማራገቢያ ከላይ፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በተቃራኒው ግድግዳ ከታች ያስገቡ። የክፍሉን አየር በሰዓት 5 ጊዜ ይለውጣል። ማራገቢያ አለ ብለው ግን ቡና ለማፍላት ከሰል እዚያ አያስገቡ፤ ጄኔሬተርም እንዲሁ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የከበሮው ድምፅ ጎረቤት እንዳይረብሽ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ብለብጠውስ?

መልስ፦ የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያስቀርም፤ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ድምፅ የሚያስቀረው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው። በአፈሩ በኩል ያለው ግድግዳ በቂ ነው፤ የሚያሳልፉት በሩና መስኮቱ ናቸው። ውስጡ ባዶ የሆነውን ቀላል በር በድፍን ጣውላ ይቀይሩ፤ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥሩ መጥረጊያ ጎማ ያድርጉለት። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚሄደውን ንዝረት ለመቀነስ ከበሮው ወፍራም ምንጣፍ ላይ ይቀመጥ። ከበሮውንም ክራሩንም ከአፈሩ ግድግዳ ያርቋቸው፤ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ይስቀሉ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ካነበበ መሣሪያዎቹን እዚያው ማሳደር ይቻላል። ከዚያ በላይ ከወጣ መሣሪያዎቹን ማታ ማታ ወደ ላይ ያውጧቸው።