ዲግሪ እያለኝ ከመነሻው ልማር?

ጥያቄ፦ በዲግሪ ተመርቄ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በነርስነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ደላላ ጀርመን ሄጄ የ3 ዓመት የነርስነት ሥልጠና እንድጀምር ነግሮኝ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆኛል። ልክፈል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይክፈሉ። ሥልጠናው ለሠልጣኙ ደመወዝ የሚከፈልበት መልካም ዕድል ቢሆንም የታሰበው ሙያውን ገና ለሚጀምር ሰው ነው፤ እርስዎ ግን የትምህርት ማስረጃዎን ማስመዘን ይሻልዎታል። ጉዳዩን የሚያየው የሚሄዱበት የጀርመን ክፍለ ግዛት ባለሥልጣን የተማሩትን ከጀርመኑ ትምህርት ጋር አነጻጽሮ፣ ጉድለት ካገኘ በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና እንዲያሟሉት ያደርጋል። ለዚህ የየትምህርቱንና በየዋርዱ የተለማመዱበትን ሰዓት የሚዘረዝር ወረቀት ስለሚያስፈልግዎት፣ የሬጅስትራርን ምልልስ ያውቁታልና፣ ከአሁኑ ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደው ቋንቋው ነው። ለሙያ ፈቃዱ በአብዛኛው ቢ ሁለት (B2) የሚባለው፣ ከመካከለኛ ከፍ ያለ የቋንቋ ችሎታ ደረጃ ይጠየቃል፤ ስድስት ኪሎ ያለው የጎተ ተቋም ጀርመንኛ ያስተምራል፣ ይፈትናልም። ሰዋስው ብቻ ግን አይበቃም፦ በሌሊት ተረኝነት አንድ አዛውንት «ደረቴን ሰቅዞ ያዘኝ» ሲሉዎት፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ወዴት እንደሚሠራጭ ጠይቀው ለሐኪሙ በስልክ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።